ከጉልበት የማያልፍ ግንብ

«ለድንጋይ ነው ይህ ሁሉ መንገድ?» አውሮፓ የሚኖር አበሻ እንግዳውን ወይም የገዛ ልጆቹን ወደ አንድ የሮማውያን ፍርስራሽ ልውሰዳችሁ ባለ ቁጥር የምትመጣ ጥያቄ ናት። ኮሎሲየም ከሆነ ማንም አያቅማማም። ፖምፔይም በእሳተ ገሞራ የተቀበረች መሆኗን ሁሉም ስለሰማ ችግር የለም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ነፋስ በማይለየው ኮረብታ ላይ ያለ ከጉልበት የማያልፍ ግንብ፣ ጀርመን ጫካ ውስጥ የተጋደመ ካብ፣ ለሮም ቅርብ የሆነችው ኦስቲያ ግን ቀን ማባከኛ ተደርገው ተቆጥረዋል። ይህን የሚሉት ታሪክ የማይወዱ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ባለፍኩት ነበር። የሚሉት ግን ስለ ታሪክ ሲከራከሩ የሚያመሹ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ልጆቻቸው ማንነታቸውን ሳያውቁ እንዳያድጉ የሚጨነቁ ወገኖች ናቸው። ተሳስተዋል። ሮምን ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ፣ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለእነዚህ ዝቅ ላሉ ግንቦች ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የእነሱን ክርክር አሳንሼ አላቀርብም፤ ክብደት ያለው ክርክር ነው። ዓይን የሚይዘው ነገር የለም ይላሉ። የረባው ዕቃ ሁሉ ተለቅሞ ሙዚየም ገብቷል፤ ሜዳው ላይ የቀረው የመሠረት መስመር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው «ይህ ጎተራ ነበር» ካላለህ በረት ይሁን ጎተራ አትለየውም። ታዲያ ሙዚየም ገብቶ ዕቃውን ማየት፣ ወይም ቤት ቁጭ ብሎ ከተማዋን ከነጣሪያዋና ከነሕዝቧ አስመስሎ የሚያሳይ ፊልም መክፈት አይሻልም? ሌሎቹ ከዚህ የጠነከረ ነገር ይላሉ። ይህ የወራሪ ቅርስ ነው፤ በባሪያ ጉልበት የተገነባ ነው፤ ሙሶሊኒ እኛ ላይ የዘመተው የሮምን ግዛት ልመልስ ብሎ ነው፤ በዚያ ስም መርዝ ጋዝ የተረጨበት ሕዝብ ልጅ የሮም ምሽግ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት አይገባውም ይላሉ። እነሱን ተከትለው የሚመጡ ደግሞ አሉ፦ አክሱም እያለ፣ ላሊበላ እያለ፣ የራስን ሳያዩ የሰው ካብ ፍለጋ ምን ይባላል?

ከዓይኑ ነገር እንጀምር። ኮሎሲየም ፊት የቆመ ሰው ምን ያያል? ግዙፍነት ያያል። አንገቱን ቀና አድርጎ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ግዙፍ ነገር ጥያቄ አያስነሳም፤ አፍ ያስከፍታል እንጂ። የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡን ሊያስደምምበት ያሠራው ሕንፃ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላም ሥራውን እየሠራ ነው። አሁን ወደ ሐድሪያን ግንብ እንሂድ፤ ከ122 ጀምሮ ሰሜን እንግሊዝን ከባሕር እስከ ባሕር አቋርጦ 117 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የድንበር አጥር ነው። ሃውስቴድስ የሚባለው ምሽግ በዚህ ግንብ ላይ፣ ተዳፋት መሬት ላይ ተሠርቷል። ወደ ታችኛው ማዕዘን ሲወርዱ የወታደሮቹን መጸዳጃ ቤት ያገኛሉ። በግራና በቀኝ ጥልቅ ቦይ አለ፤ የእንጨት መቀመጫው ከበሰበሰ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። መሐል ወለሉ ላይ በድንጋይ የተፈለፈለ ጠባብ የውኃ መስመር አለ፤ ወታደሩ የተጠራረገበትን ስፖንጅ የሚያጥበው እዚያ ነው። ምሽጉ የምንጭ ውኃ ስላልነበረው የጣሪያ ዝናብ በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀም ነበር። የአንዱ ገንዳ ከንፈር ቦታ ቦታው ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። ልብስ ሲታሽበት ነው የሚሉ አሉ፣ ስለት ሲሳልበት ነው የሚሉም አሉ። እጅዎን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው የትኛው ያሳምናል ብለው ማሰብ ይችላሉ። ለመሆኑ ይህ «ዓይን የሚይዝ ነገር» ካልሆነ ምንድን ነው?

ከዚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ጎተራው አለ። ወለሉ እህሉን እርጥበት እንዳይነካው በአጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት እነዚያ ምሰሶዎች ናቸው። ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ ሰሌዳ ሳያነብ ይገባዋል፤ የአባቱ ጎተራም በድንጋይ ላይ የቆመችው በዚሁ ምክንያት ነው። «ካላስነበቡን አናውቀውም» የሚለው ክርክር የሚጸናው የእጅ ሥራ ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ ካብ ስንክብ፣ እህል ስናከማች፣ ውኃ ስናቁር የኖርን ሰዎች ነን።

ዕቃው ሙዚየም ገብቷል ለሚሉት ደግሞ ቪንዶላንዳን ላሳያቸው። ከሃውስቴድስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ1973 ሮቢን በርሊ የተባለው አርኪዮሎጂስት እርጥብ ጭቃ ውስጥ ስስ የእንጨት ፍቅፋቂዎች አገኘ፤ ሁለቱን ሲያላቅቃቸው ውስጣቸው በቀለም ተጽፎባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መቶ ደብዳቤዎችና መዝገቦች ወጥተዋል። አዎ፣ አብዛኞቹ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው። ግን እንዴት ተረፉ? መልሱ ያለው ሜዳው ላይ ነው። ወታደሮቹ የእንጨት ምሽጋቸውን እያፈረሱ፣ አፈርና ሣር እያለበሱ፣ በላዩ ሌላ ምሽግ እየሠሩ ኖረዋል፤ እንዲህ የተደራረቡ ዘጠኝ ያህል ምሽጎች አሉ። አየር የማይገባው ረግረግ ጫማውን፣ እንጨቱን፣ ደብዳቤውን አቆይቶታል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያንን ጥቁር ጭቃ ያላየ ሰው፣ መስታወት ውስጥ ያለው ፍቅፋቂ እንጨት ተአምር ይመስለዋል።

ደብዳቤዎቹ የሚያወሩትስ ምንድን ነው? አንደኛው በ100 ዓ.ም. አካባቢ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የአንድ አዛዥ ሚስት ለጓደኛዋ ለሱልፒኪያ ሌፒዲና የላከችው የልደት ግብዣ ነው። ግብዣው ጸሐፊ የጻፈው ሆኖ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ በራሷ እጅ ጥቂት መስመር ጨምራለች፤ በሴት እጅ ከተጻፉ የላቲን ጽሑፎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ መቁጠሪያው ከዚያ ወዲህ ቢስተካከልም፣ ዛሬ ዕንቁጣጣሽ የሚውልበት የፈረንጅ ቀን መሆኑ ደስ ይላል። ሌላው የአንድ ሻለቃ ጦር የሰው ኃይል ሪፖርት ነው። በመዝገብ ላይ 752 ሰው አለ። ከእነዚህ 456ቱ ለሌላ ግዳጅ ወጥተዋል። ምሽጉ ውስጥ ያሉት 296 ናቸው፤ መቶ አለቃቸው አንድ ብቻ ነው። ከነዚያም 31ዱ ታመዋል ወይም ቆስለዋል፤ ዐሥሩ ዓይናቸውን የታመሙ ናቸው። የማይበገረው የሮም ጦር ይህ ነበር። በየፊልሙ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ የሚሄደውን ሠራዊት ለሚያውቅ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ያ ሻለቃ ደግሞ ሮማውያን አልነበሩበትም። ቱንግሪያውያን ይባላሉ፤ ዛሬ ቤልጅየም ከምንለው አገር የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ከዛሬዋ ኔዘርላንድስ የመጡ ባታቪያውያን ነበሩ። በግንቡ ምዕራባዊ ጫፍ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ወታደሮች በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ሠፍረው እንደነበር የሚገልጽ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ በምሥራቁ ጫፍ በአርቤያ ምሽግ ደግሞ ከጤግሮስ ወንዝ የመጡ ጀልበኞች ነበሩ። ሮም አንዱን ሕዝብ ወርራ ልጆቹን ቀጥራ ሌላውን ትወር ነበር። እኛ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም። በ1935 ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከሊቢያ ተመልምለው በጣሊያን አዛዥ ሥር የዘመቱብን አስካሪዎች እነማን እንደነበሩ ከአያቶቻችን ሰምተናል። የሮምን ድንበር ምሽግ ከእኛ የተሻለ ሊያነብ የሚችል ጎብኚ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አርቤያ ዛሬ ሳውዝ ሺልድስ በምትባለው ከተማ፣ ከመኖሪያ ቤቶች መሐል ነው። እዚያው ምሽጉ ላይ ባለችው ትንሽ ሙዚየም አንዲት የመቃብር ድንጋይ አለች። ሴት በሽመል ወንበር ተቀምጣ ተቀርጻለች። ፊቷ ተሰብሮ ጠፍቷል። ቀኝ እጇ የጌጥ ሣጥኗን ከፍቶ ይዟል፤ ጭኗ ላይ እንዝርቷ አለ፤ ከእግሯ ጎን የክር ድውር የሞላበት ቅርጫት ተቀምጧል። ስሟ ሬጊና ነው። ከዛሬዋ ለንደን በስተሰሜን ይኖር ከነበረው ከካቱቬላውኒ ሕዝብ የተወለደች ባሪያ ነበረች። ባራቴስ የተባለ ከሶርያዋ ፓልሚራ የመጣ ሰው ነፃ አወጣት፣ አገባት፤ በ30 ዓመቷ ሞተች። ላቲኑ የሰዋስው ስሕተት አለበት። ከሥሩ ያለው በፓልሚራ አራማይክ የተጻፈው አንድ መስመር ግን የለመደ እጅ የቀረጸው መሆኑ ያስታውቃል። ባል በአገሩ ቋንቋ፣ ከአገሩ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በዙሪያው ስንት ሰው ሊያነብለት እንደሚችል ሳያስብ ወዮታውን አስጽፏል። ቋንቋው ለግዕዝ ዘመድ ነው። ኒውካስል ወይም ሊድስ የሚኖር፣ እናቱን ወይም ሚስቱን በሰው አገር ቀብሮ በመቃብሯ ላይ በአማርኛ ያስጻፈ ሰው ይህን ድንጋይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። «ምን አገናኘን?» ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ፊልሙንስ? ፊልም የሠሪውን ግምት እንደ እውነት አድርጎ ያቀርባል፤ ጥርጣሬውን አያሳይም። ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ፍራንክፈርት አጠገብ ያለውን የዛልቡርግ ምሽግ ካይዘር ቪልሄልም ሁለተኛ ከ1897 እስከ 1907 ከመሠረቱ አስገንብቶታል። ያምራል፤ በሩ፣ ግንቡ፣ አዳራሹ ሁሉ ቆሟል። ግን ባለሙያዎች ዛሬ እንደሚሉት የግንቡ ጥርሶች ከሚገባው በላይ ተጠጋግተዋል፤ ድንጋዩም በነጭ ልስን መሸፈን ነበረበት። በሩ ላይ ካይዘሩ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ሐውልት አቁሞ የራሱን ስም አብሮ አስቀርጿል። ሙሉ ሆኖ የቆመ ግንብ የማን ፍላጎት እንዳቆመው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጉልበት የማያልፍ ግንብ ግን የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይናገራል፤ የቀረውን ለእርስዎ ይተዋል።

እዚህ ላይ ነው ከባዱ ክርክር የሚመጣው፤ የወራሪው ቅርስ የሚለው። ይህን የሚሉትን አከብራቸዋለሁ፤ ቁስሉ የእኔም ነው። ነገር ግን ሙሶሊኒ የተጠቀመበት የትኛውን ሮም ነው? ከቬኔሲያ አደባባይ እስከ ኮሎሲየም ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ሰፊ ጎዳና በ1932 ያስመረቀው እሱ ነው። ለዚያ ጎዳና ሲባል የድሆች ሰፈር ፈርሷል፤ ሕዝቡ ወደ ከተማዋ ዳር ተጥሏል። ከጎዳናው ዳር በ1934 የሮም ግዛት እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእምነ በረድ ካርታዎች አስሰቀለ። አዲስ አበባ በተያዘች በ1936 አምስተኛ ካርታ ተጨመረ፤ እዚያ ላይ የፋሺስቱ ግዛት ተብላ ኢትዮጵያ ነበረችበት። ከጦርነቱ በኋላ ያ ካርታ ተነሳ። አራቱ ዛሬም እዚያው አሉ። የአክሱም ሐውልትም በ1937 የቆመው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰልንም።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ከዚያ ጎዳና ጫፍ ተነስቶ ኮሎሲየም ድረስ እየሄደ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሙሶሊኒ ባሰመረለት መስመር ላይ እየተጓዘ፣ ሙሶሊኒ እንዲያይ የፈለገውን ሮም እያየ ነው። ዓምድ፣ ቅስት፣ ድል። «ኮሎሲየም ይበቃል፣ ምሽጉ ይቅር» ያለው ወገናችን ሳያውቀው የፋሺስቱን ምርጫ ተቀብሏል። «ጭራሽ አንሂድ» ያለው ደግሞ ትረካውን ያለ ተከራካሪ ትቶለታል። በዚህ ማን ተጠቀመ?

ኦስቲያ ራሷ ከዚህ ንጹሕ አይደለችም። በ1942 ሊደረግ ለታሰበው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን እንድትደርስ ተብሎ ከ1938 ጀምሮ በጥድፊያ ተቆፈረች፤ ከላይ የነበረው የኋለኛው ዘመን ንብርብር በቅጡ ሳይመዘገብ ተጥሏል። ይህ ጉዳት አይመለስም። ነገር ግን ቁፋሮው ያወጣው ከተማ የፋሺስቱን ተረት የሚያፈርስ ነው። ፎቅ የኪራይ ቤቶች አሉ፤ ከሥራቸው ሱቅ አለ፤ ምግብ የሚሸጥበት ባንኮኒ አለ። በአንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ወፍጮዎች እንደቆሙ ናቸው፤ ከብት እየዞረ ይፈጫቸው ነበር። ከቲያትር ቤቱ ኋላ ባለው አደባባይ ዙሪያ የነጋዴዎች ቢሮ ነበር፤ እያንዳንዱ ደጃፉ ላይ በሞዛይክ ማንነቱን ጽፏል። የሊቢያዋ ሳብራታ ሰዎች ዝሆን አስለውበታል። የካርቴጅ መርከበኞች አሉ። የሮም ሕዝብ ይበላ የነበረው ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ የመጣ እህል ነው። በ1961 ደግሞ ወደ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ የጥንት ምኩራብ ተገኘ። «ሮም አፍሪካን አሠለጠነች» ሲባል ላደገ ሰው ያ የነጋዴዎች አደባባይ ምን ያህል እንደሚናገር ይታየኛል፤ አፍሪካ ሮምን ትመግብ ነበር።

ባርነቱንም ቢሆን የሚያጋልጡት እነዚሁ ተራ ክፍሎች ናቸው። ከፖምፔይ ግንብ ውጭ ቺቪታ ጁሊያና በተባለ ቦታ ሕገወጥ ቆፋሪዎች ሲዘርፉት የነበረ አንድ የባላባት መኖሪያ አለ። አርኪዮሎጂስቶች በ2021 እዚያ የባሪያዎች ክፍል ማግኘታቸውን ገለጹ። 16 ካሬ ሜትር ያህል ናት። ሦስት አልጋ አለ፤ አንደኛው 1.40 ሜትር ብቻ ስለሆነ የልጅ ሳይሆን አይቀርም። የቤቱ ዕቃ እዚያው ተከምሯል፤ ሰዎቹ ከዕቃው ጋር ይተኙ ነበር። በ2023 ደግሞ ፖምፔይ ከተማ ውስጥ ባሪያና አህያ አብረው ተዘግተው እህል ይፈጩበት የነበረ ዳቦ ቤት ይፋ ሆነ፤ መስኮቶቹ ትናንሽና በብረት የታጠሩ ናቸው። ይህን ያጋለጠው የኮሎሲየም ግርማ አይደለም። የጓዳ ግድግዳ ነው። ግዛትን የሚጠላ ሰው የግዛትን ጓዳ ማየት አለበት፤ ወራሪውን በቤቱ ልብስ የሚያዩት እዚያ ብቻ ነው።

«የራሳችን እያለ» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። አክሱምን ማየት ግዴታ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘባቸውን ሲያስመቱ ክብደቱን ከሮም ገንዘብ ጋር አስማምተው ነበር፤ በአዱሊስ ወደብ የሮም ግዛት ነጋዴ ይመላለስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ ሁለተኛ ስለ አቡነ ሰላማ ለዒዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ዛሬም ይገኛል። አክሱም ከሮም ጋር ተነጋግሮ፣ ነግዶ፣ እምቢ ብሎ የኖረ መንግሥት ነው። ሌላውን ወገን ሳያውቁ የዚህን ንግግር ግማሽ ብቻ መስማት ምን ይጠቅማል? ደግሞስ አክሱም ላይ ከሐውልቶቹ ወጣ ብሎ ያለውን ዱንጉርን ስንቶቻችን በቅጡ አይተነዋል? ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ አርኪዮሎጂስቶች ከእሷ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተሠራ የባላባት መኖሪያ ነው ይላሉ። ሃምሳ ያህል ክፍል አለው፤ ግድግዳው ዝቅ ያለ ነው። «ድንጋይ ነው» ብሎ ሃውስቴድስን የናቀ ዓይን ዱንጉር ሲደርስም የሚያየው ድንጋይ ነው። ዝቅ ያለ ግንብ ማንበብ የትም ቢማሩት የሚጠቅም ችሎታ ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፤ ሰሌዳቸው የደረቀ፣ አስጎብኚ የሌላቸው፣ ልጅ የሚያሰለቹ ቦታዎች አሉ። መፍትሔው ሳይሄዱ መቅረት አይደለም፤ ከመሄድ በፊት ግማሽ ሰዓት ማንበብ ነው። ቪንዶላንዳን ብንወስድ በ1970 የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው፤ ቁፋሮው በብዛት የሚቆመው በጎብኚ የመግቢያ ክፍያና በፈቃደኞች ጉልበት ነው። ያ እርጥብ ጭቃ እየደረቀ ከሄደ ደግሞ ገና ያልወጣው ደብዳቤ እዚያው ይበሰብሳል፤ ባለሙያዎቹ ይህን ፈርተው የአፈሩን እርጥበት እየተከታተሉ ናቸው። ባልሄድን ቁጥር የሚጎድለው የእኛ እውቀት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እንግሊዝ ያላችሁ ሬዲንግ አጠገብ ያለችውን ሲልቼስተርን ጀምሩ፤ ሙሉ የከተማ ቅጥሯ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ዙሪያውን በእግር መሄድ ይቻላል። ሐድሪያን ግንብ የሚወጣ ሰው ሳውዝ ሺልድስን ሳይረግጥ አይመለስ። ፍራንክፈርት ያላችሁ ዛልቡርግን በጥያቄ እዩት። ሮም ያላችሁ ከፒራሚዴ ጣቢያ ወደ ኦስቲያ ባቡር ያዙ፤ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ተራው የከተማ ቲኬት ይበቃል፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው በነፃ ነው። ለኮሎሲየም ግማሽ ቀን ስጡት፤ ለኦስቲያ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ውኃና ባርኔጣ ያዙ፣ ልጆቹን አትተዉ። ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው።